የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማለዳው ሬዲዮ ዓመቱን እንዴት ይዝጋ?

ባለፈው ዕትማችን የማለዳ የሬዲዮ ዝግጅቶች ዓመቱን ስለሚሸኙበት መንገድ አጭር ጽሑፍ አቅርበን፣ አንባቢያን ጥያቄያቸውን እንዲልኩልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የቢቢሲ ሬዲዮ 4ን የማለዳ ፕሮግራም «ቱዴይ»ን ያነሣሉ። ገሚሶቹ እንግሊዝ አገር ሆነው በየዕለቱ የሚያደምጡት ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ እዚህ በሬዲዮ ሥራ ላይ ያሉና ከረጅም ዕድሜው የሚቀስሙት ነገር ካለ ማወቅ የሚፈልጉ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ስለ ብሪታንያ በሚነገረው ሁሉ ዓመቱና ወሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እኛ እንደምንቆጥረው መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ። ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ቤቴ እስክገባ የማደምጠው «ቱዴይ»ን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሚኒስትሮችን መፈናፈኛ የሚያሳጣ ፕሮግራም፣ ከገና በኋላ አዲስ ዓመት እስኪገባ ባሉት ቀናት በየማለዳው ከውጭ ለመጣ አንድ ታዋቂ ሰው ይሰጣል፤ ሰውየውንም «እንግዳ አዘጋጅ» ይሉታል። የዓመቱ ሒሳብ መወራረድ በሚገባው ሳምንት እንዲህ የሚያደርጉት ለምንድን ነው? ሠራተኞቹ እንዲያርፉ ነው?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የሠራተኞቹ ዕረፍት ሳይሆን የዜናው ምንጭ በዚያ ሳምንት መድረቁ ነው። ይህን ለመረዳት ፕሮግራሙ በምን ላይ እንደቆመ ማየት ይጠቅማል። «ቱዴይ» ኦክቶበር 28 ቀን 1957 ሲጀመር በጠዋቱ ዜናዎች መካከል በሁለት ክፍል የሚቀርብ፣ እያንዳንዱም ክፍል 20 ደቂቃ የሚወስድ ቀለል ያለ ዝግጅት ነበር። በተከታዩ ዓመት የተረከበው ጃክ ዴ ማኒዮም ስሙ የገነነው ባለሥልጣን በማፋጠጥ አልነበረም፤ ሰዓቱን እየተሳሳተ ለአድማጭ በመንገር ጭምር የሚታወቅ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። እርስዎ የሚያውቁት ጠንካራ ጥያቄ እየጎለበተ የመጣው እነ ብራያን ሬድሄድ ማይክሮፎኑን ከያዙበት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ ከ1987 እስከ 2019 የቆየው ጆን ሃምፍሪስ ደግሞ የፕሮግራሙ መታወቂያ አደረገው።

ዛሬ ፕሮግራሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይተላለፋል። በጣም የሚጠበቀው ክፍል 2 ሰዓት ከ10 ላይ የሚቀርበው ቃለ ምልልስ ነው። ያ ክፍል በየዕለቱ ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል፤ ማታ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የተነፈገ ሚኒስትር፣ ማኅበሩ አድማ የጠራ የሠራተኛ መሪ፣ ዋጋ የጨመረ ኩባንያ ኃላፊ። በገና ሳምንት ግን ምክር ቤቱ ይበተናል፣ ሚኒስትሩ ወደ ምርጫ ወረዳው ወይም ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል፣ የመሥሪያ ቤቶች ቃል አቀባዮችም ስልካቸው በተራ ጠባቂ እጅ ይወድቃል። የአየሩ ሰዓት ግን አይቀንስም፤ ያው ሦስት ሰዓት እንደተዘረጋ ነው። ይህን ክፍተት በድጋሚ ሥርጭት መሙላት ይቻል ነበር፤ ብዙ ጣቢያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ቱዴይ» ግን ከ2003 ጀምሮ ዕድሉን ለሌላ ነገር ተጠቀመበት፤ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚጠየቅ የሚወስኑት እነዚያው አዘጋጆች ስለሆኑ፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ውሳኔውን ለሌላ ሰው ዐይን አሳልፎ ሰጠ።

እንግዳው የሚረከበው መላውን ፕሮግራም እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ቀደም ብሎ ከአዘጋጆቹ ጋር ተቀምጦ ሊመረመሩለት የሚፈልጋቸውን ጉዳዮች ይናገራል፤ ባለሙያዎቹም ተከፋፍለው ሰው ያፈላልጋሉ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ድምፅ ይቀርጻሉ። ዜናው፣ ስፖርቱ፣ የአየር ጠባዩ ትንበያ፣ 1 ሰዓት ከ45 አካባቢ የምትቀርበው አጭር የእምነት ንግግር በቦታቸው ይቆያሉ፤ ቋሚ አቅራቢዎቹም ከወንበራቸው አይነሡም፤ የኤዲቶሪያል ኃላፊነቱም ከቢቢሲ እጅ አይወጣም። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ ዜና በዓል አያከብርምና። የሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ የደረሰው ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ ቤናዚር ቡቶ የተገደሉትም ዲሴምበር 27 ቀን 2007 ነበር፤ ሁለቱም በዚሁ ጭር ባለ ሳምንት ውስጥ።

እንግዳ ማምጣት ዋጋ እንዳለው ያሳመነኝ ዲሴምበር 31 ቀን 2009 የተላለፈው ዝግጅት ነው። የዕለቱ እንግዳ አዘጋጅ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ ፒ. ዲ. ጄምስ ነበሩ፤ ያኔ ዕድሜያቸው 89 ነው። እኒህ አዛውንት የቢቢሲውን ዋና ዳይሬክተር ማርክ ቶምፕሰንን በራሱ በቢቢሲ ሬዲዮ ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ በሕዝብ ክፍያ የሚተዳደር ተቋም ይህን ያህል ብዛት ያለው ሥራ አስኪያጅ ለምን እንደሚያስፈልገውና ደመወዛቸው ለምን እንዲያ እንደናረ ጠየቋቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ንግግራቸውንም አላቋረጡም፤ አንዱን ጥያቄ ጨርሰው መልሱን ሰምተው፣ መልሱ ሳያረካቸው ሲቀር ያንኑ ጉዳይ በሌላ በኩል ይመለሱበት ነበር። ቀድሞ የቢቢሲ የበላይ ጠባቂዎች ቦርድ አባል ስለነበሩ ቤቱን ከውስጥ ያውቁታል፤ ተቀጣሪ ስላልሆኑ ደግሞ የሚፈሩት አለቃ የለም። ከቋሚዎቹ አቅራቢዎች የትኛውም ቢሆን የራሱን የበላይ ኃላፊ በዚያ ነፃነት ሊጠይቅ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ሌሎቹንም እርስዎ ሳያደምጧቸው አልቀሩም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በመጀመሪያው ዓመት ከተጋበዙት አንዱ ነበሩ። ዲሴምበር 27 ቀን 2017 ተራው የደረሰው ልዑል ሃሪ ደግሞ ከባራክ ኦባማ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ይዞ ቀረበ፤ ኦባማ ማኅበራዊ ሚዲያን በኃላፊነት ስለመጠቀም የተናገሩት በመላው ዓለም ተዘገበ። በ2019 መጨረሻ የስዊድኗ ወጣት ግሬታ ተንበርግ ከዴቪድ አተንቦሮ ጋር በኢንተርኔት ስትነጋገር ተደመጠች፤ በዚያው ዝግጅት ምክንያት ግን አቅራቢዋ ስለ አየር ንብረት የምትሟገተዋን ልጅ ለማነጋገር ወደ ስቶክሆልም በአውሮፕላን መብረሯ ትችት አስነሣ። በ2020 የመኪና እሽቅድድም ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን ተጋበዘ።

ሚዛኑን ልንገርዎ ብል፣ በእኔ ግምት ጥሩ የሚሆኑት ዝግጅቶች እንግዳው ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ጉዳይ ይዞ ሲመጣ ነው። እንግዳው በዝናው ብቻ ተመርጦ ታዋቂ ወዳጆቹን ሲጠራ ግን የሦስት ሰዓቱ ዝግጅት የመተዋወቂያ ግብዣ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ቅሬታ ትክክል ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ሳይወራረድ አድሯልና።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ጣቢያዎቻችን «የዓመቱ ምርጥ ሰው» እያሉ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ድምፅ ያሰጣሉ። የውጤቱን ታማኝነት ስጠይቅ «ሕዝቡ ነው የመረጠው» ይሉኛል። «ቱዴይ» እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ያውቃል?

መልስ፦ አድርጓል፤ ተቸግሮበታልም። ፕሮግራሙ ለብዙ ዓመታት በገና ሰሞን የዓመቱን ሰው በአድማጭ ድምፅ ያስመርጥ ነበር። በ1996 የሌበር ፓርቲ ሰዎች ለመሪያቸው ለቶኒ ብሌር ድምፅ እንዲሰጥ ደጋፊዎቻቸውን ሲያስተባብሩ ተደረሰባቸውና ብሌር ከውድድሩ ተሰረዙ። ሰውየው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሜይ 1997፣ በጠቅላላው ምርጫ እጅግ ሰፊ በሆነ ድምፅ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸውን ሲያስቡት ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። እውነተኛ ድጋፍ የነበረው ፓርቲ እንኳ ለሬዲዮ ጨዋታ ሰው ከማሰለፍ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ መንገዱን ለወጠ። በ2003 መጨረሻ አድማጮች «ይህ ሕግ ቢወጣልን» የሚሉትን እንዲጠቁሙና እንዲመርጡ ተጋበዙ፤ ስቲቨን ፓውንድ የተባሉ የምክር ቤት አባልም ያሸነፈውን ሐሳብ ለምክር ቤት ለማቅረብ ቃል ገቡ። ያሸነፈው ግን ባለቤት ቤቱን ሰብሮ የገባን ሰው በማናቸውም ዘዴ እንዲከላከል የሚፈቅድ ሐሳብ ሆነ። ለዚህ መነሻ ነበረው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገበሬ ቤቱ የገባን ሌባ ተኩሶ ገድሎ መታሰሩ አገሩን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ሰውየውም የተፈታው በዚያው በ2003 ነው። የምክር ቤት አባሉ ውጤቱን ሲሰሙ መራራ ቅሬታቸውን አልሸሸጉም፤ ሐሳቡም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ2005 «ብሪታንያን የሚገዛት ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ያሸነፉት የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሆዜ ማኑዌል ባሮሶ ናቸው። በ2006 ደግሞ «የትኛው ሕግ ይሰረዝ?» ሲባል ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው በ2004 የወጣው፣ ቀበሮን በውሻ ማደንን የሚከለክለው ሕግ ነበር።

እነዚህን ውጤቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንድ ነገር ይታይዎታል፤ በየጊዜው ያሸነፈው በአንድ ጉዳይ አጥብቆ የተቆጣ ወይም አስቀድሞ የተደራጀ ወገን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእንዲህ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ናሙናውን የሚመርጠው ጠያቂው ሳይሆን መላሹ ራሱ ነው። ግድ ያልሰጠው አድማጭ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የተቆጣው ግን ስልኩን አንሥቶ ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳል። የመራጩ ቁጥር መቶ ሺህ ቢደርስም ይህ ጉድለት አይታረምም፤ እንዲያውም ቁጥሩ ሲበዛ ስሕተቱ እውነት ይመስላል። በአንድ መስመር ደጋግሞ መላክ በሚቻልበት የጽሑፍ መልእክት ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ገንዘብ የሚቆረጥ ከሆነ የሚለካው የሕዝብ ሐሳብ ሳይሆን የኪስ አቅም ይሆናል።

ጣቢያዎቹ ልማዱን ጨርሰው ይተዉት አልልም። ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን ቢጠይቁ እመርጣለሁ። አድማጭ አንድ ሰው ይጠቁምና በሦስት አረፍተ ነገር ለምን እንደመረጠው ይጻፍ፤ ጣቢያውም ጥሩ ጥሩዎቹን ምክንያቶች በአየር ላይ ያንብብ። አንዲት እናት የሰፈሯን የውኃ ሠራተኛ ለምን የዓመቱ ሰው እንዳለችው ሲነበብ፣ ማን አንደኛ ወጣ ከሚለው የበለጠ ስለ ዓመቱ ይናገራል። ውጤት ማሳወቅ ግድ ከሆነም «ይህ የላኩልን አድማጮች ምርጫ ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገር፤ «ሕዝቡ መረጠ» መባሉ ግን ትክክል አይደለም፤ እርስዎም በዚህ አቋምዎ ይጽኑ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመታት የማዳምጠው የማለዳ ፕሮግራም አዲስ ዓመት ሲገባ ሰዓቱም አቅራቢውም ተለወጠ፤ የስንብት ቃል እንኳ አልሰማንም። ቅር ብሎኛል። ይህን ያህል መቀየሜ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ተገቢ ነው፤ ብቻዎንም አይደሉም። የማለዳ ሬዲዮ ከሌላው ሥርጭት የሚለየው ከሰው የጠዋት ሥራ ጋር ተጣብቆ መኖሩ ነው፤ የስፖርቱ ዜና ሲጀምር ልጆቹን የሚቀሰቅስ፣ የገበያው ዋጋ ሲነገር ታክሲ ለመያዝ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ይህን የናቀ ኃላፊ ምን እንደሚገጥመው «ቱዴይ» በ1977 አይቶታል። በወቅቱ የሬዲዮ 4 ኃላፊ የነበሩት ኢያን ማኪንታየር ፕሮግራሙን ለሁለት ከፍለው በመካከሉ «አፕ ቱ ዘ አወር» የሚባል ቀለል ያለ መሙያ አስገቡበት። አድማጩም ሠራተኛውም አልወደደውም፤ በ1978 ፕሮግራሙ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ።

ስንብትን በተመለከተ ደግሞ ጆን ሃምፍሪስ ከ32 ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2019 ሲሰናበት መሄዱ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ በመጨረሻው ዝግጅቱም ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን፣ ቶኒ ብሌርንና ዴቪድ ካሜሩንን፣ እንደ ወትሮው ጠይቋቸዋል። ሚሻል ሁሴንም ከ2013 ጀምራ ያቀረበችውን ፕሮግራም የለቀቀችው በ2024 መጨረሻ ለአድማጮቿ ተሰናብታ ነው። ጣቢያ አቅራቢውን የመለወጥ ሙሉ መብት አለው፤ የመሰናበቻ አምስት ደቂቃ ግን ለአቅራቢው ብቻ ሳይሆን ለአድማጩም የሚገባ ነው። ለጣቢያው ይህንኑ ይጻፉለት፤ የአድማጭ ደብዳቤ ከሚያስቡት በላይ ይነበባል።

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የማለዳ ዝግጅት አዘጋጅ ነኝ። ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። ጳጉሜን ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉትን ዋና ዋና ዜናዎች በየወሩ እየደረደርን እናነባለን፣ በመሐል ዘፈን እናስገባለን። አድማጭ እንደሚሰለች ይታወቀናል፤ ነገር ግን መኪናም ገንዘብም የለንም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም ደስ ያሰኘኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። መጀመሪያ ሳምንትዎን ይወቁት። ለንደኖቹን በገና ሰሞን የሚገጥማቸው ጭርታ እኛን የሚገጥመን ጳጉሜን ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራውን ሰኔ 30 ይጨርስና የሚመለሰው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የበጀት ዓመቱም የሚዘጋው በዚያው ሰኔ 30 ስለሆነ የመሥሪያ ቤቶች የአፈጻጸም ሪፖርት ሐምሌ ላይ ተነግሮ ያልቃል፤ ፍርድ ቤቶችም በክረምቱ ዕረፍት ላይ ናቸው። ለጳጉሜን የሚተርፈው የበግና የዶሮ ዋጋ፣ የሽንኩርትና የቅቤ ገበያ፣ የመናኸሪያ ወረፋ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም መንግሥት ለየቀኑ ስም እየሰጠ የሚያከብራቸው መርሐ ግብሮች ናቸው። እነዚህም ይዘገቡ፤ ነገር ግን አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት ለትልቅ ሥራ የተመቹ ባዶ ቦታዎች መሆናቸውን አይርሱ።

በየወሩ የተደረደረ ዜና የሚያሰለቸው አድማጭ ያንኑ ዜና ቀድሞ ስለሰማው ነው። እርሱ ያልሰማው ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። ስለዚህ ነሐሴ እንደገባ ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ የዓመቱን የዕለት መዝገብ አውጡና ቀጠሮ ያለበትን ቃል ሁሉ በቀይ አስምሩበት፤ «እስከ ሰኔ ድረስ»፣ «በሦስት ወር ውስጥ»፣ «በቅርቡ» የተባለውን ሁሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የጳጉሜን ቀን አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ ኅዳር ላይ አንድ የወረዳ ኃላፊ የፈረሰው ድልድይ ከክረምት በፊት እንደሚጠገን ተናግሮላችሁ ከሆነ፣ አቅራቢው መጀመሪያ ቀኑን ይናገር፤ ቀጥሎ የኃላፊው የራሱ ድምፅ ሃያ ሰከንድ ያህል ያለ ምንም ሙዚቃ ይሰማ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ስልኩ ይታለፍና ከድልድዩ ማዶ የሚኖር ገበሬ ዛሬ ጠዋት ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ ይናገር፤ በመጨረሻ ኃላፊው ይጠየቅ። ለዚህ መኪና አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአየር ሰዓት ካርድና በወጉ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ለኃላፊው የትኛው ድምፁ እንደሚሰማ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሰውን ማስደንገጥ መልስ አያስገኝም። ቃሉን የፈጸመ ከሆነም በዚያው መጠን ይመስገን፤ ድልድዩ ተጠግኖ ከሆነ ይህም የዓመቱ ዜና ነው። ለመመለስ ፈቃደኛ ካልሆነ ስንት ጊዜ እንደተደወለለት ብቻ ተናግራችሁ እለፉ።

ኀዘን ያለበትን ጉዳይ በተመለከተ ጥብቅ ልሁንብዎ። የአደጋን ቀን ድምፅ ወይም የእናትን ልቅሶ ለዓመቱ ማስታወሻ ተብሎ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ መልሶ ማሰማት አይገባም። ደውላችሁ ጠይቁ፤ አይሆንም ካሉ ይቅር። በዓል በመጣ ቁጥር ቁስላቸው የሚቀሰቀስባቸው ሰዎች በማለዳ ሬዲዮ ከፍተው ሳይዘጋጁ መስማት የለባቸውም።

የእንግዳ አዘጋጁን ሐሳብም ለእናንተ ልክ አድርጋችሁ ልትሰፉት ትችላላችሁ። ሦስት ሰዓት አትስጡ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ታዋቂ ዘፋኝም አትፈልጉ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሹም፣ ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና የተፈተነች ተማሪ በቂ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጋር ነሐሴ ላይ ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ «ዓመቱን ሙሉ ሬዲዮው ሳይጠይቅ የቀረው ምንድን ነው?» አዋላጇ አምቡላንሱ ሌሊት ነዳጅ ሳይኖረው ሲቀር ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ትፈልግ ይሆናል፤ ተራ አስከባሪው ደግሞ የታሪፍ ማስታወቂያው የተሳፋሪ ዐይን በሚያርፍበት ቦታ ለምን እንዳልተለጠፈ። መልሱን ፈልጎ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው፤ ጥያቄውን ግን በገዛ ድምፃቸው ይጠይቁት። ስፖንሰር የሆነ ነጋዴ፣ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው፣ የጣቢያው ቤተሰብ እንግዳ አዘጋጅ አይሁኑ። ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ የወሰደው ጣቢያው ስለሆነ የመጨረሻው ውሳኔ ከእናንተ እንደማይወጣም ከመጀመሪያው በግልጽ ተነጋገሩ።

ስለ ቅጂ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። የብሪታንያ መንግሥት ለረጅም ጊዜ 30 ዓመት የሞላቸውን የመንግሥት ሰነዶች በአዲስ ዓመት መግቢያ ለሕዝብ ይከፍት ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ዘመኑን ቀስ በቀስ ወደ 20 ዓመት አውርዶታል። የእኛን ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ያወረደው የ1974 ዓመት ሰነዶች በዚህ ደንብ መሠረት ተራቸው የደረሰው በ2005 መግቢያ ነበር። የለንደን ጋዜጠኞች በዚያ ጭር ያለ ሳምንት ሰነዶቹን ቀድመው እያነበቡ የሚዘግቡት ብዙ ነገር ያገኛሉ። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ የመንግሥት ልማድ ባይኖርም የራሳችሁ ማኅደር ሊኖራችሁ ይችላል፤ አሁን ግን ድምፁ በየሠራተኛው ስልክ ውስጥ ተበትኖ፣ ስልኩ ሲሞላ እየተሰረዘ ነው። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ እያንዳንዱን ቅጂ በቀኑ፣ በተናጋሪው ስምና በጉዳዩ ሰይማችሁ በየሳምንቱ ዓርብ አስገቡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የከተማችሁን ጳጉሜን የምታዘጋጁት በዚያ ዲስክ ላይ ባለው ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በሳምንት አንድ ጠዋት የሬዲዮ ዝግጅት እናቀርባለን። ዓመቱን የምንዘጋው መስከረም ላይ ነው ወይስ ዲሴምበር ላይ? በመካከላችን ክርክር ሆኗል።

መልስ፦ ሁለቱንም ዝጉ፤ ግን አንድ ዓይነት ዝግጅት ሁለቴ አታቅርቡ። የጳጉሜኑ ዝግጅት የአገርና የማኅበረሰብ ይሁን፤ ማን አረፈ፣ ማን ተወለደ፣ የትኛው ዕድር ተጠናከረ፣ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት ምን ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መስከረም 1 በአብዛኛው የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ብቻ ወደ 12 ይሻገራል። ፔንታጎን በቅርባችሁ ነው፤ ከአድማጮቻችሁም ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የ2001ዱን ጥቃት የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ በዓሉና መታሰቢያው በአንድ ጠዋት ሲገናኙ መክፈቻውን ለመታሰቢያው በአጭሩ ሰጥታችሁ ከዚያ ወደ አበባየሆሽ እለፉ፤ ልጆቹም ሁለቱ ነገሮች እንደማይጣሉ ይሰማሉ።

የዲሴምበሩ ግን የኑሮ ሒሳብ ይሁን። የግብር ወቅቱ እየቀረበ ስለሆነ ታክሲና ራይድ የሚነዱት ምን ደረሰኝ መያዝ እንዳለባቸው፣ የጤና መድን የምዝገባ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ፣ ዓመቱን ሙሉ በስልክ የጠየቋችሁ የኢሚግሬሽን ጥያቄዎች ምን መልስ እንዳገኙ ባለሙያ ጋብዛችሁ አስረዱ። የጠየቀው አድማጭ ራሱ ተመልሶ ቢደውልና ጉዳዩ ከምን እንደደረሰ ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይሆናል፤ ለዚህም ከአሁኑ የጠያቂዎቹን ስልክ በፈቃዳቸው መዝግባችሁ ያዙ።